እንዴት ይሠራል? ከቆሻሻ ክምር ሥር ውሃን የሚጠብቁ ጉድጓዶች

ጓዳዎ ውስጥ፣ ከበሩ ጥግ፣ የቆሻሻ ማዳበሪያ ወይም ባልዲ አለ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተበላሸ ቲማቲም፣ የተረፈ ወጥ ሁሉ እዚያው ይገባል። የሰፈሩ ቆሻሻ አንሺዎች እስኪመጡ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ማዳበሪያውን ሲያነሱት ታዲያ ከሥሩ ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሽታውም ከቆሻሻው ከራሱ ይብሳል።

ያን ውሃ ማንም አልጨመረውም። የወጣው ከልጣጩና ከተረፈው ምግብ ነው። ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ከክብደታቸው ከአሥር ዘጠኙ እጅ ውሃ ነው፤ ሲበሰብሱ ያንን ይለቁታል።

ውሃው ደግሞ ባዶውን አይወርድም። በመንገዱ ያገኘውን የሚሟሟ ነገር ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ከወጡ ጨው፣ ከሚበሰብሰው ልጣጭ አሲድ፣ ከዛገው ቆርቆሮ ብረት፣ ከተጣለው የሬዲዮ ባትሪ ደግሞ ሌላ ብረታ ብረት ያነሳል።

ባለሙያዎች ይህን ፈሳሽ ሊቼት ይሉታል፤ እኛ የቆሻሻ ፍሳሽ እንበለው። በእርስዎ ጓዳ አንድ ሲኒ አይሞላም፣ በመወልወያ ይጸዳል። የከተማ ሙሉ ቆሻሻ አንድ ቦታ ሲከመር ግን ወለሉ መሬት ነው፤ መሬት ደግሞ አይወለወልም። ስለዚህ ፍሳሹ ወዴት እንደሄደ፣ የማን ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ፣ የትኛውን ወንዝ እንደነካ ማወቂያ ዘዴ ያስፈልጋል። ዘዴው አለ፤ አብዛኛውንም ጓዳዎ ውስጥ ባለ ዕቃ ሊሞክሩት ይችላሉ።

ዝናብ ሲጨመርበት

ረጲን፣ ብዙዎቻችን ቆሼ የምንለውን ቦታ፣ እንውሰድ። ይህ ስፍራ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተቀብሏል። ስፋቱ 36 ሄክታር ገደማ ነው። ሲጀመር ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ አልተነጠፈለትም፤ ፍሳሹን የሚሰበስብ ቧንቧም አልተቀበረለትም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የክምሩ አንድ ጎን ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያ ቀን የክምሩን ክብደት ለአገር ሁሉ አሳየ። ከሥሩ የሚወርደው ፍሳሽ ግን እንዲያ በአንድ ቀን ራሱን አያሳይም።

መጠኑን በሒሳብ እንየው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ጣሳ በክረምት ደጅ ያስቀምጡና ዝናቡ ሲያባራ የተጠራቀመውን ውሃ በማስመሪያ ይለኩ። የለኩት እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። በ36 ሄክታር ሲባዛ ከ430,000 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል።

ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ በክምሩ ላይ ተንሸራቶ ይፈሳል። የቀረው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ልክ እንደ ጓዳዎ ማዳበሪያ ያገኘውን እያነሳ ቁልቁል ይወርዳል።

ሙከራ አንድ፦ አፈር ምን ይይዛል፣ ምን ያሳልፋል?

“ግድ የለም፣ መሬት ያጣራዋል” ሲባል ሰምተው ይሆናል። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ በሁለት ሃይላንድ ማየት ይቻላል።

የሁለቱንም ሃይላንድ ቂጥ ይቁረጡ። ክዳናቸውን በምስማር በሳስተው ከውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ያድርጉበትና ይዝጉ፤ ከዚያ በአፋቸው ደፍተው ብርጭቆ ላይ ያቁሟቸው። ቀይ አፈርና አሸዋ እኩል ቀላቅለው እስከ ግማሻቸው ይሙሉ። ከሥር የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያፍስሱባቸው።

አሁን ሁለት ብርጭቆ ውሃ ያዘጋጁ። በአንዱ ፋርማሲ ከሚሸጠው ሐምራዊ የቁስል ቀለም፣ ከጄንሺያን ቫዮሌት፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ያድርጉ። በሌላው ሁለት ማንኪያ ጨው ያሟሙ። ሐምራዊውን በመጀመሪያው ሃይላንድ፣ የጨዉን በሁለተኛው ቀስ ብለው ያፍስሱ።

ሐምራዊው ውሃ ከሥር ሲወጣ ቀለሙ ጠፍቷል ወይም በጣም ሳስቷል። አፈሩ ያዘው። የሸክላ አፈር ቅንጣቶች ገጻቸው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው፤ የጄንሺያን ቫዮሌት ቀለም ደግሞ አዎንታዊ ነው። ሲገናኙ ይጣበቃሉ።

የጨው ውሃውም ጥርት ብሎ ይወጣል። ሁለቱን ብርጭቆ ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ያው ንጹሕ ውሃ ይመስላሉ። በጨዉ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ግን እሱም እንደ አፈሩ አሉታዊ ስለሆነ ምንም ሳይያዝ አልፏል።

እንግዲህ አፈር አንዳንዱን ይይዛል፣ ሌላውን ይለቃል፤ የለቀቀውን ደግሞ ዓይን አያየውም። (የሞከሩበትን ውሃ እንዳይጠጡት፤ ቀለሙንም ልጆች እንዳይነኩት።)

ሙከራ ሁለት፦ ዓይን ያላየውን መብራት ያያል

ከተበላሸ የእጅ ባትሪ አንዲት ትንሽ ኤል.ኢ.ዲ. መብራት ያውጡ። ባለ 9 ቮልት ባትሪና ሁለት ቀጭን ሽቦ ይያዙ። አንዱን ሽቦ ከባትሪው ውሃ ወዳለበት ብርጭቆ ያስገቡ። ሁለተኛውን ሽቦ ከመብራቷ አንድ እግር ጋር ያገናኙና ጫፉን እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ይንከሩ። የመብራቷ ሌላው እግር ከባትሪው ሌላ ጫፍ ጋር ይገናኝ። ካልበራች እግሮቿን ያቀያይሩ። ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ይጠንቀቁ፤ ከተነካኩ መብራቷ ትቃጠላለች። የግድግዳ ሶኬት ለዚህ ሙከራ በፍጹም አይነካም።

በዝናብ ውሃ መብራቷ አትበራም፣ ወይም በጭንቅ ጭል ትላለች። ከሁለተኛው ሃይላንድ በወጣው ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ግን ቦግ ትላለች። የተሟሟው ጨው ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ የተሟሟ ነገር በበዛ ቁጥር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይበዛል።

የውሃ ባለሙያ ጉድጓድ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያወጣው መሣሪያ በዚሁ መላ የሚሠራ ነው። ብዕር የሚያክል ነገር ውሃው ውስጥ ይነክራል፤ መሣሪያው የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም በማይክሮ ሲመንስ ያነብባል። ጥሩ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ በመቶዎች ይቆጠራል። የቆሻሻ ፍሳሽ ግን ከ2,500 እስከ 35,000 ሊደርስ ይችላል። ትንሽ ፍሳሽ እንኳ ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ ቁጥሩ ከፍ ማለት ይጀምራል።

ቁጥሩ ምን እንደገባ አይናገርም፤ የሚናገረው አንድ ነገር መግባቱን ነው። የበር ደወል ያህል ነው፤ ማን እንደመጣ ለማወቅ በሩን መክፈት፣ ማለትም ናሙናውን ላብራቶሪ መላክ ያስፈልጋል።

ውሃው ወዴት እየሄደ ነው?

ጉድጓድ መቆፈር ውድ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ የትም አይቆፈርም። ቀድሞ የሚጠየቀው ከመሬት በታች ያለው ውሃ ወዴት እንደሚፈስ ነው። የማይታይ ውሃን አቅጣጫ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ በአንድ መስመር ሳይሆን በሦስት ማዕዘን የተቆፈሩ።

ለምን ሦስት? የጉልቻን ነገር ያስቡ። ሁለት ጉልቻ ድስት አይችልም። ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት ግን ይረጋል፤ አንዱ ጉልቻ ዝቅ ካለም ወጡ ወዴት እንደሚያዘነብል ማንንም ሳይጠይቁ ያዩታል። በሦስቱ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታም የከርሰ ምድሩን ውሃ ገጽ እንደዚሁ ይሸከማል። ሦስቱ ከፍታዎች ሲታወቁ ገጹ ወዴት እንዳዘነበለ ይታወቃል፤ ውሃውም ወደዚያው ይሄዳል።

የሚለካበት ሜትር ጫፉ ላይ ሁለት የብረት ነጥቦች አሉት። ወደ ጉድጓዱ ይለቀቃል፤ ውሃ ሲነካ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ኤሌክትሪክ ያልፍና ከላይ ጢጥ ይላል። በብርጭቆዎ ውስጥ መብራቷን ያበራው ነገር እዚህ ደወል ደወለ ማለት ነው።

ግን ጥልቀቱ ብቻ ያሳስታል። ምሳሌ እንውሰድ። የሀ ጉድጓድ አፍ ከባሕር ወለል በላይ 2,250 ሜትር ላይ ነው፤ ውሃው 12 ሜትር ወርዶ ተገኘ። ለ 2,246 ላይ ነው፤ ውሃው 10 ሜትር ላይ ነው። ሐ 2,240 ላይ ነው፤ ውሃው 7 ሜትር ላይ ነው። ሐ ዘንድ ውሃው ለእጅ በጣም ቅርብ ይመስላል። ሲቀነስ ግን ውሃው በሀ 2,238፣ በለ 2,236፣ በሐ 2,233 ሜትር ላይ ነው። ዝቅተኛው ውሃ የሐ ነው፤ ፍሰቱም ወደ ሐ በኩል ነው።

በአዲስ አበባ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ በጥቅሉ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ ያዘነብላል። ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚወጣው ደግሞ አቃቂ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ከከተማዋ ሥር ያለው እሳተ ገሞራ የወለደው አለት በመሆኑ ውሃው በስንጥቆቹ ይጓዛል፤ ስንጥቅ ደግሞ ሁልጊዜ የመሬቱን ተዳፋት አይከተልም። ለዚህ ነው እንዲህ ባለ መሬት ሦስት ጉድጓድ መነሻ እንጂ መጨረሻ የማይሆነው።

ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት

አቅጣጫው ከታወቀ ወዲያ ዋናው ብልሃት ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው የቆሻሻ መጣያ መመሪያ ቢያንስ አንድ የመለኪያ ቦታ ውሃው ወደ መጣያው በሚመጣበት በኩል፣ ቢያንስ ሁለት ደግሞ ውሃው መጣያውን አልፎ በሚሄድበት በኩል እንዲኖር ያዝዛል።

የላይኛው ጉድጓድ የሚነግረን ውሃው ከቆሻሻው ጋር ሳይገናኝ ምን ይመስል እንደነበር ነው። የታችኛዎቹ ከተገናኘ በኋላ ያለውን ይነግሩናል። በታችኛው ጉድጓድ ክሎራይድ በሊትር 180 ሚሊ ግራም ተገኘ እንበል። ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? በዚህ ቁጥር ብቻ መልስ የለም። ላይኛው 170 ከሆነ ውሃው ቀድሞውንም ጨዋማ ነበር፤ መጣያው አልበደለም። ላይኛው 15 ከሆነ ግን መሃል ላይ አንድ ነገር ገብቷል።

ሌላም ንጽጽር አለ፤ የበፊቱና የአሁኑ። ይኸው መመሪያ የመጀመሪያው መኪና ቆሻሻ ከመገልበጡ በፊት ቢያንስ ከሦስት ቦታ የከርሰ ምድር ውሃ ናሙና እንዲወሰድ ይጠይቃል። ያ ናሙና ለዘለዓለም የማይደገም ምስክር ነው። ቆሻሻው ከተራገፈ በኋላ “ድሮ ውሃው እንዴት ነበር?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ መለካት ግን አይቻልም። ንጣፍ ሳይኖራቸው የተጀመሩ አሮጌ መጣያዎች ትልቁ ችግራቸው ይኸው ነው፦ የበፊቱ ቁጥር የለም።

ዘመናዊ መጣያም ቢሆን ጠባቂ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ደንብ ከቆሻሻው ሥር 60 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር፣ ከላዩም ወፍራም ፕላስቲክ እንዲነጠፍ ያዝዛል። ፕላስቲክ ግን ሊቀደድ ይችላል፤ መገጣጠሚያውም ሊላቀቅ ይችላል። ከብዙ ሜትር ቆሻሻ በታች ያለን ቀዳዳ ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም። የሚያየው ጉድጓዱ ነው።

መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ለምን ይደፋል?

ጠዋት ቧንቧ ሲከፍቱ፣ በተለይ ውሃ ጠፍቶ ከሰነበተ በኋላ፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ይደፉታል። ቧንቧው ውስጥ የቆመ ውሃ ስለሆነ ነው። የጉድጓድ ናሙና የሚወስድ ሰውም እንደዚሁ ያደርጋል። በጉድጓዱ ቧንቧ ውስጥ የቆየው ውሃ አየር ነክቶታል፣ ከቧንቧው ጋር ተላምዷል፤ የውጪውን አለት ውሃ አይወክልም።

በተለምዶ የቧንቧውን ይዘት ሦስት እጥፍ ያህል ውሃ ይወጣል። ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቧንቧ ውስጥ 6 ሜትር ውሃ ካለ 12 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ወደ 36 ሊትር ይወጣና ነው ጠርሙሱ የሚሞላው። ሌላው ዘዴ በጣም ቀስ አድርጎ እየሳቡ ሙቀቱ፣ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅሙና የአሲድነቱ ቁጥር መለዋወጥ እስኪያቆም መጠበቅ ነው። ቁጥሮቹ ሲረጉ ከአለቱ የመጣው ትኩስ ውሃ ደርሷል ማለት ነው።

ጠርሙሶቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ጀርም የሚፈለግበት ጠርሙስ ከጀርም የጸዳ ነው። እንደ ቤንዚን ቶሎ የሚተን ነገር የሚፈለግበት ብልቃጥ ጢም ብሎ ይሞላል፤ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ አትቀርበትም፣ ምክንያቱም የሚፈለገው ነገር ወደ አረፋዋ ያመልጣል። ለብረታ ብረት በሚሆነው ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ጥቂት አሲድ ይጨመራል። ሁሉም በበረዶ ሣጥን ይጓዛሉ።

ከጠርሙሶቹ አንዱ ደግሞ ከላብራቶሪ የመጣ ፍጹም ንጹሕ ውሃ ይዞ ሜዳ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። እሱ ውስጥ ብክለት ከተገኘ ጥፋቱ የጉድጓዱ ሳይሆን የእጅ፣ የጠርሙስ ወይም የመንገድ ነው። ጥሩ ክትትል ራሱንም ይፈትሻል።

ሙከራ ሦስት፦ ሻይ ብረትን ይናገራል

አሲዱ ለምን እንደሚጨመር ለማየት ጥቂት የዛገ ምስማር በብርጭቆ አቼቶ ውስጥ ሁለት ቀን ያስቀምጡ። ከዚያ ወፍራም ሻይ ያለ ስኳርና ያለ ሎሚ ይቅዱ። ከአቼቶው አንድ ማንኪያ ጠብ ሲያደርጉበት ሻዩ ይጠቁራል። በሻይ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን ብረት ሲያገኝ እንደ ቀለም ይጠቁራል። (ይህም አይጠጣም።)

አቼቶው ዝገቱን አሟሟው፤ የተሟሟውንም ይዞ አቆየው። በናሙና ጠርሙስ ውስጥ ያለው አሲድ ሥራው ይህ ነው። አለበለዚያ ብረቱ በመንገድ ላይ ዝጎ የጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል፤ ላብራቶሪው ከላይ ያለውን ለክቶ “ብረት የለም” ይላል።

ከቆሻሻ ክምር ሥር ደግሞ ብረቱን የሚያሟሟው በዋናነት የአየር መጥፋት ነው። ቆሻሻውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ኦክስጅን ሲያልቅ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተራውን ይይዛሉ፤ እነሱ ደግሞ በኦክስጅን ፈንታ ቀዩን አፈር ቀይ ያደረገውን ዝገት ይጠቀማሉ። ያኔ ብረቱ ይሟሟል።

እንግዲህ በመጣያ አካባቢ ከመሬት የሚመነጭ ውሃ መንገዱን ቀይ ቡናማ ካደረገው ያ ብረት ብዙውን ጊዜ ከቆሻሻው የመጣ አይደለም፤ ከገዛ አፈራችን ነው። ቆሻሻው ያደረገው ቁልፉን መክፈት ነው። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ይኸው ውሃ ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው፤ አየር ካገኘ በኋላ ነው የሚደፈርሰው።

መልእክተኞቹ በየተራ ይደርሳሉ

በሙከራ አንድ ጨዉ ሳይያዝ እንዳለፈ ያስታውሳሉ። በመሬት ውስጥም ክሎራይድ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ መልእክተኛ ነው፤ አይጣበቅም፣ አይበሰብስም፣ ከውሃው እኩል ይጓዛል። የተሟሟ አሞኒያ ብዙውን ጊዜ አዎንታዊ ሙል ስላለው ሸክላው ይይዘዋል፤ ዘግይቶ ይደርሳል። ብዙ ከባድ ብረቶች ከዚያም ይዘገያሉ።

ስለዚህ የክሎራይድ መጨመር ማስጠንቀቂያ ነው። በራሱ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ጣዕሙ የሚታወቀውም በሊትር 250 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። ግን ከኋላው ማን እየመጣ እንዳለ ይናገራል። ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ያኔውኑ የተነሳ ሰው ጊዜ አለው።

ክሎራይድ ከሰፈር ሽንት ቤትም ሊመጣ ይችላል። ባለሙያው ጥፋተኛውን የሚለየው ምልክቶችን አንድ ላይ አይቶ ነው። በሽንት ቤት የተበከለ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ናይትሬት ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ኦክስጅን ያለቀበት የቆሻሻ ፍሳሽ ግን ናይትሬቱ አነስ ብሎ አሞኒያው፣ ብረቱና ማንጋኒዙ ይበዛሉ።

ለጓዳዎ የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ ላይ ልንገርዎ። ማፍላትም ሆነ ውሃ አጋር የተባለው የውሃ ማከሚያ ጀርም ይገድላሉ። ናይትሬትን፣ ጨውን ወይም እርሳስ የተባለውን ብረት ግን አያወጡም፤ እንዲያውም ሲፈላ ውሃው ስለሚተን የቀረው ይጠነክራል። በእንዲህ ያለ ብክለት የተጠረጠረ ጉድጓድ መፍትሔው ማስመርመር ነው።

ወንዙስ?

የወንዝ ክትትልም መላው አንድ ነው፤ ከመጣያው በላይ አንድ ቦታ፣ ከመጣያው በታች አንድ ቦታ። ረጲ ወደ ትንሹ አቃቂ የሚያዘነብል መሬት ላይ ነው። ትንሹ አቃቂ ወደ ደቡብ ወርዶ ከትልቁ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኝና ወደ አዋሽ ይገባል። በመንገዱ ግን የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽም ይገባበታል። ከመጣያው በታች ብቻ ውሃ ቀድቶ “ቆሼ በከለው” ማለት አይቻልም፤ “ቆሼ ምንም አላደረገም” ማለትም አይቻልም። የላይና የታቹ ልዩነት ነው የሚፈርደው።

ናሙና ቀጂው መጀመሪያ ታችኛውን ቦታ ይቀዳል፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ይሄዳል። ፊቱንም ውሃው ወደሚመጣበት ያዞራል። ከላይ ቢጀምር እግሩ የበጠበጠው ደለል ወርዶ የታችኛውን ናሙና ያበላሸዋል። ማንኛውም ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ይህን ያውቀዋል፤ ጥሩ ውሃ የሚቀዳው ከሚረገጠው በላይ ነው።

ጊዜውም ይለያያል። በበጋ ወንዙ ስለሚያንስ ትንሽ ፍሳሽ እንኳ ጎልቶ ይታያል። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ደግሞ የተጠራቀመው ሁሉ ታጥቦ ይወርዳል። አንዴ ብቻ የለካ ሰው የዓመቱን አንድ ቀን ነው ያየው።

በትንሹ አቃቂ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የወንዙን ውሃ እየጠጣ ይበቅላል፤ ወደ ገበያም ይመጣል። ቅጠሉን በሚገባ ማጠብ ከላዩ ያለውን አፈርና ጀርም ያስወግዳል። ተክሉ በሥሩ ወደ ውስጥ የሳበውን ብረት ግን አያስወግድም። ለዚህ ነው የወንዙ ቁጥር የገበሬው ብቻ ሳይሆን የእርስዎም ጉዳይ የሆነው።

ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ

የከርሰ ምድር ውሃ አይቸኩልም። በቀን 10 ሳንቲ ሜትር ቢጓዝ በዓመት 36 ሜትር ተኩል ይሄዳል፤ 100 ሜትር ርቀት ያለው ጉድጓድ ጋ ለመድረስ ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ይቀረዋል። ዛሬ ንጹሕ የሆነ ቁጥር ትናንት የተቀደደ ንጣፍን አያሳይም። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ዛሬ ፍሳሹ ቢቆም የገባው ለመውጣት ብዙ ዓመት ይፈጃል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአሜሪካ ደንብ በመደበኛነት በዓመት ሁለት ጊዜ 62 ንጥረ ነገሮች እንዲመረመሩ ያዝዛል። መጣያው ከተዘጋ በኋላም ክትትሉ 30 ዓመት ይቀጥላል። የቆሻሻ መጣያ በር ሲዘጋ ሥራው አያልቅም፤ የሚከታተለው ሰው ጡረታ ወጥቶ ሌላ እስኪተካ ይዘልቃል። ስለዚህ መዝገቡ ከመሣሪያው እኩል ዋጋ አለው።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

ከጓዳ ይጀምሩ። እርጥቡን ቆሻሻ ከደረቁ ይለዩ፤ ጓሮ ካለዎት ልጣጩን ወደ ብስባሽ ይለውጡት። እርጥቡ ከቀነሰ ፍሳሹ ይቀንሳል። ያለቀ ባትሪ፣ የተሰበረ የፍሎረሰንት አምፖልና የተረፈ የፀረ ተባይ ኬሚካል ከልጣጩ ጋር አይቀላቅሉ፤ ለየብቻ ያስቀምጡና ለሚረከብ አካል ያስረክቡ።

በአካባቢዎ አዲስ መጣያ ይሠራል ሲባል ወይም አሮጌው ይስፋፋል ሲባል ስብሰባው ላይ ይገኙና ሦስት ነገር ይጠይቁ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ወዴት ነው የሚፈስሰው? ከመጣያው በላይና በታች የተቆፈሩት ጉድጓዶች የት ናቸው? የመጀመሪያው መኪና ከመምጣቱ በፊት የተወሰደው ናሙና ውጤቱ ምንድን ነው?

እነዚህን የሚመልስ ሰው ከሌለ መጣያው ገና አልተዘጋጀም። ውሃውን አስቀድሞ መለካት ርካሹ ሥራ ነው፤ ከተበከለ በኋላ ማጽዳት ግን ልጆቻችን የሚወርሱት ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ሳያፍሩ ይጠይቁ፣ መልሱንም በቁጥር ይቀበሉ።